ከዝናብ በኋላ ሲጥ ሲጥ የሚል ሳይክል፦ ጥፋቱ የካቴናው አልነበረም

ዝናብ በመታኝ ማግስት ሳይክሌ ፔዳሉን በረገጥኩ ቁጥር ሲጥ ሲጥ ይል ጀመር። የቆዳ ኮርቻውም ረጥቦ መሃሉ ሰርጉዷል።

ካቴናውን ጠርጌ ዘይት አጠጣሁት። ምንም። ፔዳሎቹን አጠበቅኩ። ያው ነው። ኮርቻውን ፀሐይ ላይ ማስጣቴ ደግሞ የባሰ ሆነ፤ ጠርዙ እንደ እንጨት ደርቆ ተሰነጠቀ።

በ4ኛው ቀን ከኮርቻው ብድግ ብዬ ስነዳ ድምፁ እንደሚጠፋ ልብ አልኩ። ኮርቻውን የሚሸከመውን ዘንግ ቁመቱን በፕላስተር ምልክት አድርጌ፣ ከነኮርቻው ከገባበት የሳይክሉ ቱቦ ነቀልኩት። ሳይክሉን ስገለብጠው ዝገት የቀላቀለ ውሃ ዱብ ዱብ አለ። ለካ ፓራፋንጎ ስለሌለው የኋላ ጎማው ከሥር ሲረጨው ኖሯል።

ቱቦውን በጨርቅ አደረቅኩ፤ ዘንጉን ግራሶ ቀብቼ መለስኩት። (ዘንጉ ከብረት ሳይሆን ከካርቦን ፋይበር የተሠራ ከሆነ ግራሶ አይቀባም፣ የራሱ ቅባት አለው።) ድምፁ እዚያው ጠፋ።

ኮርቻው ጥላ ሥር 2 ቀን ቆየ። ከዚያ የቆዳ ሰም ከላይም ከሥርም ቀባሁት፤ ውሃ የሚጠጣው ያ ሻካራው የሥር ገጽ ነው። ከፊት ያለችውን መወጠሪያ ዳዶ በደንብ ከደረቀ በኋላ ሩብ ዙር ብቻ አጠበቅኳት። እርጥብ ሳለ ከተወጠረ ተለጥጦ ይቀራል።

አሁን ዳመና ሳይ ፌስታል አለብሰዋለሁ። አያምርም፣ ግን ይሠራል።