ተርቦ ስትቀይሩ የዘይቱን መንገድ ተከተሉ

ተርቦ፣ በጭስ ግፊት እየተሽከረከረ ለሞተሩ ተጨማሪ አየር የሚያስገባው ዕቃ፣ እንዲሁ በድንገት አይሞትም። ብዙ ጊዜ የሚገድለው የዘይት ችግር ነው። ወይ አንሶታል፣ ወይ ቆሽሿል፣ ወይ መውጫ አጥቷል። ይህን ሳያጣሩ አዲስ መግጠም ገንዘብ መድፋት ነው። ጋራዥ ውስጥ ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ውድ ተርቦ ይገጠማል፣ ብዙም ሳይቆይ መኪናው ሰማያዊ ጭስ እየለቀቀ ይመለሳል።

እዚህ የምይዘው የኒሳን ሲልቪያውን ኤስአር20ዲኢቲ ነው። 2 ሊትር፣ አራት ሲሊንደር፣ ጠንካራ ሞተር። አሜሪካ 25 ዓመት የሞላቸውን መኪኖች ከፌደራል የደህንነት መስፈርት ነፃ አድርጋ ስለምታስገባ፣ የመጨረሻው ትውልድ የሆነው ኤስ15 ሲልቪያ የመጀመሪያዎቹ ምርቶች እንኳ አሁን እዚያ መግባት ይችላሉ። ስለዚህ ሞተር የሚጠይቁ ልጆችም በዝተዋል።

መፍታት

ሞተሩ ይቀዝቅዝ። ባትሪውን ንቀሉ፣ ዘይቱንና የራዲያተሩን ውሃ አፍስሱ፣ የአየር ቱቦዎቹን አንሱ። የማኒፎልዱ (ጭሱን ከሲሊንደሮቹ ሰብስቦ ለተርቦው የሚሰጠው ቧንቧ) ብሎኖች በሙቀት ተጣብቀው ስለሚቆዩ ከዋዜማው ዝገት ማላቀቂያ ርጩባቸው። እምቢ ያለ ብሎን ላይ ረጅም ቧንቧ ሰክቶ መጎተትን አልደግፍም። ከተሰበረ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ውስጥ የቀረውን በድሪል ማውጣት ሊኖርባችሁ ነው። ሞቅ አድርጋችሁ ትንሽ ወደፊት፣ ትንሽ ወደኋላ እያላችሁ አላቁት።

አሮጌውን መርምሩ

ዘንጉን በጣታችሁ ያዙት። ወደ ጎን ጥቂት መነቃነቁ ያለ ነው። ወደፊትና ወደኋላ የሚንሸራተት ከሆነ ግን ኩሽኔታው አልቋል። የአየር ማስገቢያው ክንፍ ተሸርፎ ከሆነ፣ ስብርባሪው ኢንተርኩለር (ከተርቦው የሚወጣውን አየር የሚያቀዘቅዘው) ውስጥ ተቀምጧል ማለት ነው። ሳታጥቡ አዲሱን አትግጠሙ።

ዘይቱ

ትልቁ ሥራ እዚህ ነው። የተርቦ ዘንግ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል። ተራ ኩሽኔታ ባለው ተርቦ ዘንጉን ከኩሽኔታው የሚለየው ስስ የዘይት ሽፋን ብቻ ነው። ሽፋኑ ለጥቂት ሰከንድ ከጠፋ ብረት ብረትን ይበላል።

በማስገቢያው ጀምሩ። ከሞተሩ ወደ ተርቦው ዘይት የሚወስደው ቀጭን ቧንቧ ውስጡ በተቃጠለ ዘይት ይጠባል። ውጪውን አይታችሁ ደህና ነው አትበሉ። እኔ አጥቦ መመለስን አላምንበትም፤ አዲስ ግዙ። በተለይ አሮጌው ተርቦ የሞተው ዘይት አንሶት ከሆነ ጥፋተኛው ይኸው ቧንቧ ሊሆን ይችላል። ቦል ኩሽኔታ (በትንንሽ የብረት ኳሶች ላይ የሚዞር) ያለው ተርቦ ከገዛችሁ ደግሞ የዘይት መጠን የሚገድብ ጠባብ ቀዳዳ ይፈልግ እንደሆነ የአምራቹን መመሪያ አንብቡ።

ቀጥሎ መውጫው። ዘይቱ ከተርቦው የሚመለሰው በራሱ ክብደት ወርዶ ነው፣ የሚገፋው ነገር የለም። ስለዚህ የመመለሻው ቱቦ ሰፊ ይሁን፣ ያለ ጉብታ ቁልቁል ይውረድ። ከታጠፈ ዘይቱ ተርቦው ውስጥ ይጠራቀምና በሲሉ (ዘይት እንዳያልፍ በሚዘጋው ቀለበት) በኩል ወደ ጭስ ማውጫው ይወጣል። ሰው ያኔ ተርቦው የተበላሸ ነው ብሎ ሻጩን ይከሳል። ጓርኒሲዮኑ ላይ ሲሊኮን መቀባትም ክልክል ነው። ተጨምቆ ወደ ውስጥ ይገባና ቀዳዳውን ይደፍናል። ንጹሕ ፊትና አዲስ ጓርኒሲዮን ይበቃል።

አሁን አዲስ ዘይትና ፊልትሮ አድርጉ፣ ውሃውንም ሙሉ። የማስገቢያውን ቧንቧ ከማሰራችሁ በፊት በተርቦው ቀዳዳ ንጹሕ ዘይት አፍስሱና ክንፉን በእጃችሁ አዙሩት። ካሰራችሁ በኋላ ባትሪውን መልሱ፣ ቴስታታው ፊት ያለውን የካምሻፍት ሴንሰር (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ አቀማመጥ የሚያነበው) ሶኬት ንቀሉ። ያኔ ሞተሩ ካንዴላም አይተኩስም፣ ቤንዚንም አይረጭም። በሞተሪኖ ለአስር ሰከንድ ያህል አዙሩ፣ አሳርፉት፣ ድገሙት። የዘይት መብራቱ ሲጠፋ ሶኬቱን መልሱና አስነሱ። በሚኒሞ ይቆይ። ቤንዚን አትርገጡ፤ ወርዳችሁ የሚያፈስ ካለ ተመልከቱ።

ግፊቱ

ጃፓኖች ቡስት አፕ የሚሉት ነገር አለ፤ በፋብሪካው ተርቦ ላይ ግፊቱን ከፍ ማድረግ። ባህሉ ምክንያት ነበረው። አምራቾቹ ከ1989 እስከ 2004 እ.ኤ.አ. በወረቀት ከ280 ፈረስ ጉልበት ላለማለፍ ተስማምተው ስለነበር ብዙ ትልልቅ ሞተሮች ታፍነው ይሸጡ ነበር። እንደ ኤችኬኤስ ያሉ የመኪና ጉልበት ማሻሻያ ኩባንያዎች ያን የታፈነ ጉልበት አወጡት። ከዚያ ግን ሁሉም የጃፓን ተርቦ ግፊት ይችላል የሚል እምነት ቀረ። አይችልም። የኒሳን ስካይላይን አር32 ጂቲአር ተርቦ የጭስ በኩል ክንፉ ሴራሚክ ነው፤ ግፊት ሲበዛበት ይሰባበራል። የጃፓን ገበያው ቶዮታ ሱፕራም እንደዚያው። የኤስአር20 ብረት ቢሆንም፣ የነዳጅ ድብልቁን ሳታስለኩ ግፊት ብትጨምሩ ፒስተን ታቀልጣላችሁ። መጀመሪያ የግፊቱንና የድብልቁን መለኪያ ሰዓቶች ግጠሙ።

ተርቦ ታይመር ግዙ የሚሏችሁ ይኖራሉ። ቁልፉ ከተነቀለ በኋላም ሞተሩን ጥቂት ያቆየዋል፤ ዘይቱ በጋለው ተርቦ ውስጥ ቆሞ እንዳይቃጠል። ይጠቅማል፣ ግን ይህ ተርቦ በውሃም ስለሚቀዘቅዝ የመጨረሻዎቹን ጥቂት ደቂቃዎች ቀስ ብሎ መንዳት ከሱ ይሻላል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት አትጋልቡበት። ሞተሩ ጥቂት ጊዜ ከሞቀና ከቀዘቀዘ በኋላ የማኒፎልዱን ብሎኖች እንደገና አጥብቁ፣ በ500 ኪሎ ሜትር አካባቢም ዘይቱንና ፊልትሮውን ቀይሩ።