ፒክአፕዎ ሲያፏጭ፦ ድምፁን ስንፈልግ የምንሠራቸው ስህተቶች

መኪናዬ ማፏጨት የጀመረችው በአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ ላይ ነው። በ80 ዝም ነች። 90ን ስታልፍ ቀጭን ፉጨት ይመጣል። 100 ላይ እረኛ ጋቢና የተሳፈረ ይመስላል። ጋራዥ ወሰድኳት። ልጁ ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት "ጋሼ፣ ቱርቦዋ አልቆላታል" አለኝ። ዋጋውን ሲጠራልኝ እኔም ለማፏጨት ትንሽ ነበር የቀረኝ።

ቱርቦው፣ ማለትም ለሞተሩ አየር የሚገፋው ዕቃ፣ እስካሁን በቦታው አለ፣ ደህና ነው። ጥፋተኛውን እስካገኝ ግን ሦስት ሳምንት፣ አንድ አዲስ ቺንጊያና ብዙ ጭቅጭቅ አስወጥቶኛል። የሠራኋቸውንና ሌሎች ሲሠሩ ያየኋቸውን ስህተቶች፣ እርስዎ እንዳይደግሟቸው እዚህ ላስቀምጣቸው።

"ከየት ነው?" ብሎ መጀመር

ጆሮ ይዋሻል። ፒክአፕ ደግሞ ሻንሲ በሚባል የብረት አጥንት ላይ የተጫነች መኪና ስለሆነች ድምፁ ብረቱን ተከትሎ ይጓዛል። የኋላ ኩሽኔታ ሲያላዝን ከሾፌሩ ወንበር ሥር የመጣ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ "መቼ ነው የሚጮኸው?" ይበሉ።

መኪናዋን ያቁሙ፣ ማርሹን ባዶ ያድርጉ፣ ነዳጅ ይስጡ። ድምፁ ከሞተሩ ዙር ጋር ከፍ ዝቅ ካለ ነገሩ ኮፈን ሥር ነው፦ ቺንጊያ፣ ዲናሞ፣ የመሪ ዘይት ፖምፕ፣ ቱርቦ። ቆማ ዝም ካለች ደግሞ ሜዳና ጭር ያለ መንገድ ይፈልጉ። ድምፁ በሚሰማበት ፍጥነት ላይ እያሉ ማርሹን ባዶ ያድርጉና ለጥቂት ሰከንድ እንድትንሸራተት ይተዋት። የሞተሩ ዙር ወርዶም ጩኸቱ ከቀጠለ ሞተሩ ነጻ ነው፤ ጎማ፣ ኩሽኔታ፣ ዲፈረንሻል (ጉልበቱን ለግራና ቀኝ ጎማ የሚያካፍለው ጥርስ) ወይም ነፋስ ነው። ቁልፉን ግን እንዳያጠፉት። መሪው ሊቆለፍ ይችላል፣ ፍሬኑም ይጠጥራል። ቁልቁለት ላይም አይሞክሩት።

በነገራችን ላይ፣ ድምፁ የሚመጣው ከሬዲዮው ስፒከር ከሆነና ነዳጅ ሲሰጡ ከቀጠነ፣ ሬዲዮውን ያጥፉ። ዝም ካለ መካኒክ ሳይሆን ኤሌክትሪሺያን ነው የሚያስፈልግዎ። ብዙ ጊዜ ከውጭ የተገጠመ ቴፕ የኔጌቲቭ ሽቦው ላልቶ ነው።

ቁልፉን ወርውሮ "ድምፅ አላት፣ እያት" ማለት

መካኒኩ ሰፈር ውስጥ በ30 ይዞርባታል። ድምፁ የሚመጣው 95 ላይ ነው። "ምንም የላትም" ይላል፣ ወይም ደስ ያለውን ዕቃ ይቀይርልዎታል። ብጣሽ ወረቀት ላይ ይጻፉ። ጠዋት በብርድ ነው ወይስ ስትሞቅ? ዳገት ላይ? ሲታጠፉ? ነዳጅ ሲለቁ? ከተቻለ ደግሞ "አለቃ፣ አብረን እንውጣ" ብለው ከጎንዎ ያስቀምጡት።

ቺንጊያውን ሳሙና መቀባት

ክረምት ላይ ጠዋት መኪና ሲነሳ "ሲጥጥጥ" የሚል ሰፈር የሚያስነቃ ጩኸት አለ። አንዳንዱ ሳሙና ይቀባል፣ አንዳንዱ ሻማ። ለአንድ ቀን ዝም ያሰኘዋል። ከዚያ ቺንጊያው ይብሱን ይንሸራተታል፣ ዲናሞውም ባትሪውን በደንብ አይሞላም።

ውሃ ይበቃዎታል። ሞተሩ እየሠራ፣ እጅዎን አርቀው፣ በቺንጊያው የውስጥ ገጽ ላይ ትንሽ ውሃ ይርጩ። ጩኸቱ ወዲያው ከባሰ ቺንጊያው ላልቷል። ለጥቂት ሰከንድ ጠፍቶ ከተመለሰ ደግሞ ቺንጊያው ከሚዞርባቸው ፑሌዎች (ክብ መዘውሮች) አንዱ ከመስመር ወጥቷል፤ ይህን አዲስ ቺንጊያ አያድነውም። እኔ ገንዘቤን የጣልኩት እዚህ ላይ ነው።

ሞተሩ ጠፍቶ ቺንጊያው ሲወርድ፣ ፑሌዎቹን አንድ በአንድ በእጅ ያዙሩ። ጥሩው ያለ ድምፅ ይዞራል። ያለቀው አሸዋ የገባበት ያህል ይንኳኳል። ሞተሩ በሚሠራበት ጊዜ ግን ነጠላ፣ ሻርፕ፣ የተንጠለጠለ የጃኬት ገመድ ይዘው እንዳይጠጉ። ቺንጊያ ጨርቅ ከያዘ እጅም ይዞ ይሄዳል።

ፉጨት ሁሉ ቱርቦ ነው ማለት

ባለ ቱርቦዋ ዲፎርዲ (D-4D) ሃይሉክስ ዳገት ላይ ቀጠን አድርጋ ብታፏጭ የተፈጥሮዋ ነው። የድሮዋ ባለ 5ኤል ሞተር ደግሞ ቱርቦ የሚባል ነገር ጭራሽ የላትም፤ ስለዚህ "ቱርቦዋ ሄዷል" ከተባሉ መጀመሪያ እንዳላት ያረጋግጡ። ያው፣ ቀልድ አይደለም።

ሊያሳስብ የሚገባው ለውጡ ነው። እንጦጦን ስትወጣ "ሽሽሽ" እያለች ጉልበቷ ከወደቀና ጥቁር ጭስ ከለቀቀች፣ ከቱርቦው ወደ ሞተር አየር የሚወስደው ጎማ ቱቦ ተቀዶ ወይም ማሰሪያው ላልቶ ሊሆን ይችላል። መጋጠሚያዎቹ ላይ ትኩስ የዘይት ወዝ ይፈልጉ። ብዙ ጊዜ የማሰሪያ ዋጋ ብቻ ነው። እንደ አምቡላንስ ሳይረን የሚወጣና የሚወርድ ዋይታ ከሰሙ ግን አይንዱ። ሞተሩን ያጥፉና መጀመሪያ የሞተር ዘይቱን ይዩ።

ጎማን፣ ኩሽኔታንና ዲፈረንሻልን ማምታታት

ጎረቤቴ የጭቃ ጎማ ገጠመ። በወሩ መኪናው "ዉዉዉ" ማለት ጀመረ። ሁለቱንም የፊት ኩሽኔታ አስቀየረ። ድምፁ እንዳለ ነው። ጎማው ነበር።

ሦስቱም የሚጮኹት መኪናዋ ስትሄድ ነው፣ ሦስቱም ከፍጥነት ጋር ይጨምራሉ። መለያየት ግን ይቻላል። ጎማ ከሆነ አስፋልቱ ሲለሰልስ ወይም ሲሻክር ድምፁ አብሮ ይቀየራል። መዳፍዎን በጎማው ጥርስ ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሳቡ። በአንዱ አቅጣጫ ለስልሶ በሌላው እንደ መጋዝ ከያዘዎ አገኙት። የፊቱን ከኋላው ጋር ያቀያይሩ፤ ድምፁ ቦታ ከለወጠ ጥርጥር የለውም።

ኩሽኔታ ከሆነ ክብደት ሲያርፍበት ያማርራል። ወደ ግራ ሲታጠፉ ክብደቱ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ያኔ ከባሰ የቀኙን ይጠርጥሩ። በክሪክ ያንሱና አንድ እጅዎን ሞላው ላይ አድርገው ጎማውን በሌላው ያዙሩ። ጆሮ ያልሰማውን መንዘርዘር ጣት ያገኘዋል።

ዲፈረንሻል ደግሞ ጠባዩ ከነዳጅ ፔዳል ጋር ነው። ሲረግጡ ይዘፍናል፣ ሲለቁ ዝም ይላል፤ ወይም የተገላቢጦሽ። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ በማርሽ ሲወርዱ አላዝኖ፣ ወደ ደጀን ሲወጡ ዝም ካለ የኋላውን ዲፈረንሻል ይመልከቱ። ሜዳ ላይ አቁመው የመሙያውን ብሎን ይፍቱ። ዘይቱ ከቀዳዳው አፍ ሥር መድረስ አለበት። ጣትዎ ካላገኘው ጎድሏል። ማፍሰሻው ብሎን ማግኔት ካለው እሱንም ይዩ። ለስላሳ ግራጫ ዝቃጭ የእርጅና ነው፤ ስብርባሪ ብረት ከሆነ ግን ጥርሱ እያለቀ ነው።

እግርና እጅ የሚነግሩትን አለማዳመጥ

ይሄ አጭር ነው። ሞተሩ ተነስቶ፣ ማርሹ ባዶ ሆኖ፣ ፍሪሲዮኑን ይርገጡ። ሲረግጡ ጩኸት ከጀመረ የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ነው። ሲረግጡ ጩኸቱ ከጠፋ የካምቢዮው። መሪውን እስከ መጨረሻው ሲያዞሩ ካለቀሰች የመሪውን ዘይት ይዩ፤ ጎድሎ ወይም አረፋ ሞልቶት ይሆናል።

ተራ ነገርን መናቅ

ከኮረኮንች መንገድ በኋላ ድንገት የብረት ፍጭት የመሰለ ጩኸት ከመጣ፣ ዲስኩና ከጀርባው ያለው ስስ ቆርቆሮ መካከል ጠጠር ገብቶ ይሆናል። ትንሽ ወደ ኋላ ቢነዷት አንዳንዴ ይወድቃል። አንዳንድ የፍሬን ሸራ ደግሞ ሊያልቅ ሲል ሆን ተብሎ እንዲያፏጭ ትንሽ ቆርቆሮ ተደርጎለታል። እሱን ዝም ለማሰኘት አይሞክሩ። ሸራውን ይቀይሩ።

ከዚያ ነፋስ አለ። ፖርቶመጋላ፣ ስኖርክል (ወደ ላይ የወጣው የአየር ማስገቢያ ቱቦ)፣ የበር ጎማ፣ አንቴና። የኔን ያገኘሁት ቀለም ቀቢዎች በሚጠቀሙበት የወረቀት ፕላስተር ነው። የበሮቹን ክፍተት፣ የፖርቶመጋላውን እግሮች፣ የፊት መስታወቱን ዙሪያ ሁሉ ለጠፍኩ። መኪናዋ ከሆስፒታል የወጣች መሰለች። በቱሉ ዲምቱ በኩል ፈጣን መንገዱ ገብቼ በ100 ነዳሁ። ጸጥ።

ከዚያ በየመውጫው አንድ አንድ መላጥ ነው። ቢሾፍቱ ላይ የበሮቹን ላጥኩ፤ ጸጥ። ሞጆ ላይ የፖርቶመጋላውን፤ አሁንም ጸጥ። ስመለስ የፊት መስታወቱን የላይኛ ጠርዝ ላጥኩና 90ን ሳልፍ እረኛው ተመለሰ። መስታወቱን ከወር በፊት ነበር ያስቀየርኩት። ቀኝ ጥጉ ላይ ማጣበቂያው ሁለት ጣት ያህል ቦታ አልያዘም ነበር።

የገጠመልኝ ልጅ ጋ ይዣት ሄድኩ። በጣቱ ጫን አድርጎ አየና "ይቺ እኮ ምንም አይደለች ጋሼ" አለኝ።