ዕዳው አልቆ እገዳው እንዳይቀር፦ የቤት መያዣ ሲያስነሱ የሚሠሩ ስህተቶች

የመጨረሻውን ክፍያ መክፈል ብድሩን ይዘጋል እንጂ ቤቱን አያስለቅቅም። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን የቤት መያዣ የሚጸናው መዝገብ ላይ ሲሰፍር ስለሆነ የሚነሳውም ከዚያው መዝገብ ሲሰረዝ ነው። ይህን የዘነጋ ሰው እገዳው መኖሩን የሚሰማው ገዥ ይዞ በሄደ ቀን ነው።

ቀሪውን በግምት መክፈል። ወለድ በየቀኑ ይታሰባል። ቀሪው 300,000 ብር፣ ወለዱ 15 በመቶ ቢሆን የአንድ ቀኑ 123 ብር ገደማ ይመጣል፤ ሰኞ የተነገረዎትን ዓርብ ቢከፍሉ ወደ 500 ብር ይጎድላል፣ ሒሳቡም አይዘጋም። የሚከፍሉበትን ቀን ጠቅሰው የመዝጊያ ሒሳቡን በጽሑፍ ይጠይቁ።

ባንኩ ለከተማ አስተዳደሩ የሚጽፈውን የእገዳ ማንሻ ደብዳቤ ሳያነቡ መቀበል። ብዙ ሰው የሚመላለሰው በዚህ ነው። ካርታው «መሐመድ» እያለ ደብዳቤው «ሙሐመድ» ካለ ተቀባዩ መሥሪያ ቤት ሊመልስዎ ይችላል። ከባንኩ ሳይወጡ ካርታውን ወይም ኮፒውን ከደብዳቤው ጎን ዘርግተው ስም እስከ አያት፣ የካርታ ቁጥር፣ ቀበሌና የቤት ቁጥር አንድ በአንድ ያስተያዩ። ቤቱ የታገደበት የቀድሞው ደብዳቤ ቁጥርና ቀን ቢጠቀስ ፋይሉን ለማግኘት ይቀላል። ፊርማ፣ ማህተምና ወጪ ቁጥር መኖሩንም ይዩ።

ከተማ ማሳሳት። ኮምቦልቻ ካለ ቅርንጫፍ ተበድረው ቤቱ ደሴ ከሆነ ደብዳቤው የሚጻፈው ለደሴ ከተማ አስተዳደር ነው። ከተሞቹ ቢቀራረቡም መዝገባቸው ለየቅል ነው።

ደብዳቤውን መዝገብ ቤት ሰጥቶ መሄድ። ገቢ ቁጥር ማግኘት ማለት እገዳው ተነሳ ማለት አይደለም። ባለሙያው ፋይሉን አውጥቶ መሰረዙን ይከታተሉ፤ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃም ይጠይቁ። በተለይ ብድሩ ከ2014 ዓ.ም. በፊት ከሆነ ገና ክፍያው ሳያልቅ ፋይልዎ መኖሩን ያጣሩ። በዚያ ዓመት ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ሁለቱንም ከተሞች ሲያዳርስ ብዙ መሥሪያ ቤት ተዘርፏል። ፋይል ከጠፋ በእጅዎ ያሉት የመያዣ ውልና የካርታ ኮፒ ይረዳሉ፤ አይጣሏቸው።

ያው ቤት ለሌላ ብድር፣ ለዘመድም ቢሆን፣ መያዣ ከሆነ ባንኩ አይለቅም፤ አስቀድመው ይጠይቁ። ከደመወዝዎ የሚቆረጥ ካለ እንዲቆም ለመሥሪያ ቤትዎ ያሳውቁ። በመድን ውሉ ላይ ባንኩ የካሳ ተቀባይ ሆኖ ከተመዘገበም ያስቀይሩ።

ዋናውን ካርታ ሲረከቡ ገጾቹን ቆጥረው፣ መሟላቱን አይተው ይፈርሙ።