የፈጠራችሁት ዓለም አልቆም ሲል፦ ችግርና መፍትሔ

እዚህ ደብረ ማርቆስ ከጥቂት ወጣት ጸሐፍት ጋር እየተገናኘን ረቂቆቻችንን አንዳችን ለሌላው እናነባለን። አስማት፣ እንግዳ ፍጡራንና የራሱ ሕዝቦች ያሉትን ዓለም ከባዶ ለመፍጠር የሚነሣ ሰው በአብዛኛው የሚሰናከለው ሐሳብ አጥቶ ሳይሆን ያፈለቃቸው ሐሳቦች እርስ በርሳቸው ስለማይነካኩ መሆኑን በእነዚህ ንባቦች ደጋግሜ አይቻለሁ። ተራራው ወንዙን፣ ወንዙ ገበያውን፣ ገበያው ቋንቋውን፣ አስማቱም ሁሉንም ካልነካ ዓለሙ አይቆምም። ከዚህ በታች የማነሣው በረቂቆቻችን ውስጥ በብዛት ያገኘናቸውን ችግሮች ነው።

አስማቱ ሁሉን ይችላል፣ ታሪኩ ግን አይንቀሳቀስም

ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ጀግናው መከራ በገጠመው ቁጥር አንድ ቃል ተናግሮ ይወጣል፣ አንባቢውም ከሦስተኛው ምዕራፍ በኋላ መሥጋቱን ይተዋል። ምክንያቱ አስማቱ ልክም ዋጋም የሌለው መሆኑ ነው። ብዙዎች መፍትሔው የአስማቱን ኃይል መቀነስ ይመስላቸዋል፤ እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ኃይሉ የቱንም ያህል ቢገን፣ ማን እንደሚማረው፣ ስንት ዓመት እንደሚፈጅና ባለቤቱን ምን እንደሚያስከፍለው ከታወቀ ታሪኩን አይገድለውም።

ሥርዓት ያለው ቃል ምን እንደሚመስል ለመረዳት ከቅኔ ቤት የተሻለ መምህር አላገኘሁም። ዋሸራና ጎንጅን በመሳሰሉት የጎጃም ጉባኤ ቤቶች ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ እህሉን ለምኖ እየበላ ዓመታትን ያሳልፋል። የሚማረውም ልክ ያለው ነገር ነው፤ ከቅኔ ዓይነቶች ጉባኤ ቃና በ2 ቤት (ስንኝ)፣ ዘአምላኪየ በ3፣ መወድስ በ8 ቤት ይቋጫል፤ ሰሙ ወርቁን ሸፍኖ ይይዛል፤ ቅኔ ደግሞ በየጊዜው አዲስ ይዘረፋል እንጂ የትናንቱ ለዛሬ አይደገምም። ይህ የቤተ ክርስቲያን ጥበብ ነውና እንዳለ ወስዶ አስማት ማድረግ ድፍረት ነው፤ አጥንቱን አይቶ መማር ግን ይቻላል።

ከመካከላችን አንዲት ጸሐፊ ይህንኑ አደረገች። በመጀመሪያው ረቂቋ ውስጥ የነበረችው ዝናብ ጠሪ በፈለገችው ሰዓት ዝናብ ታወርድ ነበርና በዚያ አገር ድርቅ ሊኖር አይችልም ነበር። ጸሐፊዋ ረቂቁን ስታርም ግን አንድ ሕግ ብቻ ጨመረች፦ ዝናብ ያወረደ ቃል ከጠሪዋ አፍ ለዘለዓለም ይወጣል፣ ተመልሶም አይነገርም። ስለዚህ ዝናብ ጠሪዎች ባረጁ ቁጥር ቃል እያለቀባቸው ዝም ይላሉ። አንዲት አሮጊት ሲጠማት ጣቷን ወደ ገንቦው ትቀስራለች፤ «ውሃ» የሚለውን ቃል ከ40 ዓመት በፊት፣ በድርቅ ዘመን፣ ለአገሩ ሰጥታዋለችና። ጸሐፊዋ ያን ገጽ አንብባ ስትጨርስ ከመካከላችን ለረጅም ጊዜ የተናገረ አልነበረም።

ካርታው ያምራል፣ ማንም ግን አይኖርበትም

እዚህ ምልክቶቹ ብዙ ናቸው። ወንዙ ያለ ምክንያት ለሁለት ተከፍሎ ወደ ሁለት ባሕር ይፈስሳል፤ በረሃው ከጥቅጥቅ ደን ጋር ይዋሰናል፤ ከዳር እስከ ዳር ያለው ሕዝብ አንድ ዓይነት እንጀራ ይበላል። ምክንያቱ ካርታው እንደ ጌጥ መሣሉ ነው። መፍትሔው ከከፍታ መጀመር ነው፤ ከፍታው ሲታወቅ ዝናቡ፣ እህሉና ልብሱ ተከትለው ይመጣሉ።

ከደጀን ወደ አባይ በረሃ የወረደ ሰው ይህን በአካሉ ያውቀዋል። መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ከላይ ጋቢ ያስለበሰው ብርድ ከታች ወደ ሙቀት ይለወጣል። በጮቄ ተራራ ጫፍ ጅብራ ይበቅላል፤ ዝቅ ሲሉ ገብስና ድንች፣ በወይና ደጋው ጤፍ፣ በቆላው ማሽላ ይገኛል። ይህ ሁሉ የሚታየው በአንድ ጎጃም ውስጥ ነው። አባይ ራሱም ከጣና ባሕር ዳር ላይ ወጥቶ በምሥራቅ፣ በደቡብና በምዕራብ አገሩን ይከባል፤ ስለዚህ ወደ ሸዋም ሆነ ወደ ጎንደር ለሚሄድ ሰው ዋናው ጥያቄ በየት በኩል እንደሚሻገር ነበር። በሞጣ በኩል ያለው ሰባራ ድልድይ ከፈረሰ በኋላ መንገደኛው በወገቡ ገመድ ታስሮ፣ በሁለቱ ወገን የቆሙ ሰዎች እየጎተቱት ይሻገር ነበር። በፈጠራችሁት ዓለም ውስጥም ወንዝ ካለ፣ ገመዱን ማን እንደሚይዝ፣ ስንት እንደሚያስከፍልና ለማን አልጎትትም እንደሚል ወስኑ። ከዚህ ከአንዱ ውሳኔ ብቻ ሹመት፣ ቂምና ንግድ ይወለዳሉ።

ፍጡሩ የሚኖረው ሊገደል ብቻ ነው

ዘንዶው ከዋሻው የሚወጣው ጀግናው ሲደርስ ከሆነ፣ ጸሐፊው ፍጡሩን ከጦርነቱ ውጪ አላሰበውም ማለት ነው። ምን እንደሚበላ፣ በክረምት የት እንደሚውል፣ በአካባቢው ያለው ገበሬም ከብቱን በስንት ሰዓት ወደ በረት እንደሚያስገባ ጻፉ። ከአገራችን እምነት የምትወስዱ ከሆነ ግን አንድ ነገር በብርቱ አሳስባለሁ፤ ቡዳ በሌሊት ጅብ ይሆናል የሚለው ወግ ሕያዋን ሰዎችን፣ በተለይ ቀጥቃጮችንና ሸክላ ሠሪዎችን፣ ሲያስገልል የኖረ ነው። ያንን ወግ ተጠቅሞ የሚጽፍ ሰው ቢያንስ በአንድ ምዕራፍ ታሪኩን ከተወነጀለው ሰው ቤት ውስጥ ሆኖ ሊያየው ይገባል።

ሕዝቦቹ አንድ አንድ ጠባይ ብቻ አላቸው

የተራራው ሰዎች ሁሉ ጀግኖች፣ የሐይቅ ዳሩ ሰዎች ሁሉ ጥበበኞች ሲሆኑ፣ ምክንያቱ ጸሐፊው ሕዝቦቹን ለየብቻ ማሰቡ ነው። ወደ ጎጃም እንመለስ። በአዊ አውኚ የሚናገረውና በፈረስ ባህሉ የታወቀው አገው አለ፤ በጣና ዳር ከደንገል ታንኳ የሚሠሩት ነገደ ወይጦ አሉ፤ ቀድሞ በጎጃም ሥር በነበረው መተከል ደግሞ ጉሙዝና ሺናሻ አሉ። በመካከላቸው መጋባት፣ መበደር፣ መጣላትና ቃል መዋዋስ ኖሯል። መፍትሔውም ሕዝቦቹን የሚያገናኝ አንድ የገበያ ቀን መፍጠር፣ ከዚያም በእያንዳንዱ ሕዝብ ውስጥ ሽማግሌውና ወጣቱ የማይስማሙበትን አንድ ጉዳይ ማስቀመጥ ነው።

ስሞቹ ሥር የላቸውም

ድምፃቸው ባዕድ የሆነ ስሞችን መደርደር ዓለሙን አያርቀውም፤ ያደበዝዘዋል እንጂ። ጢስ አባይ የፏፏቴውን ጉም ያሳያል፤ ደብረ ማርቆስ ደግሞ ቀድሞ መንቆረር ይባል ነበርና ሁለቱ ስሞች ለየብቻቸው ዘመን ይናገራሉ። ለዋና ከተማችሁ ሁለት ስም ስጡ፤ አሮጌውን ስም የሚጠራው ማን እንደሆነም እወቁ።

ታሪኩ ሳይጀመር ማብራሪያው 30 ገጽ ሞላ

ይህ ብዙ የደከመ ጸሐፊ የሚወድቅበት ችግር ነው፤ የለፋበትን ሁሉ ማሳየት ይፈልጋልና። ማብራሪያውን አትጣሉት፣ ለራሳችሁ በደብተር ያዙት፤ ወደ ታሪኩ የሚገባው ግን ገጸ ባሕርይዋ በዚያ ቀን በእጇ የምትነካው ብቻ ይሁን። በዝናብ ጠሪዋ ረቂቅ ውስጥ የቃላቱ ሕግ በአንድም ቦታ አልተዘረዘረም። አሮጊቷ ጣቷን ወደ ገንቦው ትቀስራለች፣ የልጅ ልጇም ምንም ሳትጠይቅ ቀድታ ትሰጣታለች።