ከመጫወቻ መንኮራኩር ግዙፍ የጠፈር መርከብ እንዴት ይሠራል?

ደሴ ፒያሳም ሆነ ሰኞ ገበያ የሚሸጡት የፕላስቲክ የጠፈር መንኮራኩሮች ቅርፃቸው ክፉ አይደለም። መጫወቻ የሚያስመስላቸው ገጻቸው መብለጭለጩ፣ መስኮታቸው መተለቁና አንድም ቀን ጠፈር ወጥተው የሠሩ አለመምሰላቸው ነው። ሦስቱም ቤት ውስጥ ይስተካከላሉ።

ከሁሉ በፊት መጠኗን ወስኑ። 30 ሴንቲ ሜትር የምትረዝመውን መጫወቻ 1 ለ 72 ናት (እውነተኛዋ 72 እጥፍ ትበልጣለች) ካላችሁ፣ እውነተኛዋ መንኮራኩር 22 ሜትር ገደማ ትሆናለች፤ አብራሪው በሞዴሉ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል አይሞላም። 1 ለ 1000 ናት ካላችሁ ደግሞ 300 ሜትር ትረዝማለች፤ ሰውየው 2 ሚሊ ሜትር እንኳ አይደርስም። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ዓይን የሚይዘው ግዝፈት ነውና። ያን ጊዜ ትልልቆቹ መስኮቶች የመኪና ቀለም ቀቢዎች በሚጠቀሙበት ስቱኮ ይደፈናሉ። ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱትና በ1 ሚሊ ሜትር ፑንታ፣ በእጃችሁ እያዞራችሁ፣ አዳዲስ መስኮቶች ብሱ። እያንዳንዷ ቀዳዳ የ1 ሜትር መስኮት ሆነች ማለት ነው። በየቦታው ሦስት አራት እያደረጋችሁ ብሱ እንጂ ከዳር እስከ ዳር አትደርድሯቸው።

ቀጥሎ ገላዋን በሳሙና እጠቡ፤ የእጅ ቅባት ካለበት ቀለም አይዝም። የሚያብረቀርቀውንም በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አደብዝዙ።

አሁን ወደ ጣፋጩ ሥራ እንግባ። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሆሊውድ ሞዴል ሠሪዎች የታንክና የአውሮፕላን ሞዴሎችን እየበታተኑ፣ ቁርጥራጩን በመንኮራኩሮቻቸው ላይ ይለጥፉ ነበር። እኛ ዘንድ የታንክ ሞዴል ባይገኝም ቆራሌው አለ፣ የሞባይል ጥገና ቤቶችም አሉ። የተሰበረ ሪሞት፣ የቻርጀር ሆድ፣ የእስክሪብቶ ስፕሪንግ፣ የምላጭ መያዣ፣ የኮምፒውተር ማውስ ውስጠኛ ክፍል፣ ሁሉም ይሆናል። የእስክሪብቶ ክዳን ተቆርጦ የሞተር አፍ ሲሆን አይታችሁ ከዚያ በኋላ ምንም ነገር መጣል ያሳዝናችኋል። ዋናው ነገር አቀማመጡ ነው። ቁርጥራጩን ሁሉንም ቦታ ላይ ከበተናችሁት ገላዋ ቆሻሻ ይመስላል። በሞተሩ ዙሪያና በክፍሎች መጋጠሚያ ላይ አጭቁት፤ ሰፊውን ገላ ልሙጥ ተዉት። እያንዳንዱ ቧንቧም ከአንድ ነገር ተነሥቶ ሌላ ነገር ውስጥ ይግባ፤ የትም የማይደርስ ቧንቧ ወዲያው ያስታውቃል። ለማጣበቅ ሱፐር ግሉ ይበቃል። ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ አጠገብ ግን አትጠቀሙበት፤ ትነቱ ነጭ ጉም ይጥልበታል።

መብራት የምታስገቡ ከሆነ ከቀለሙ በፊት ነው። ከአሮጌ የእጅ ባትሪ የወጣ ነጭ ኤልኢዲ በሁለት ባትሪ ድንጋይ፣ ማለትም በ3 ቮልት፣ ይሠራል፤ እግሮቹ ካልተቆረጡ ረጅሙ ፖዘቲቩ ነው። የገላዋን ውስጥ ጥቁር ቀለም ቀቡት፤ አለዚያ ስስ ፕላስቲክ ብርሃን ያሳልፍና መንኮራኩሯ እንደ ፋኖስ ታበራለች። ድንጋዩን የምትቀይሩበት ክዳንም አትርሱ።

ስፕሬይ ቀለም ላይ የአገሩ አየር ወሳኝ ነው። ደሴ ብርድና እርጥበት አለባት፤ ጉም ከጦሳ ተራራ በወረደበት ቀን ከረጫችሁ ቀለሙ ነጣ ነጣ ብሎ ይደበዝዛል። ፀሐይ እስኪወጣ ጠብቁ፤ ጣሳውንም ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ጥቂት አቆዩት። እሳት አጠገብ በፍጹም አታድርጉት፣ ይፈነዳል። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ከሆናችሁ ችግሩ ተቃራኒ ነው፤ በሙቀቱ ቀለሙ አየር ላይ ይደርቅና ገጹ ላይ እንደ አሸዋ ይሻክራል። ስለዚህ ጠዋት በማለዳ፣ ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ቀረብ ብላችሁ ርጩ። በሁለቱም ከተማ ከቤት ውጭ፣ አፍንጫ ተሸፍኖ፣ በስሱ ደጋግሞ ነው።

የተላጠ ቀለም ለማስመሰል መጀመሪያ ብርማ ቀለም ቀብታችሁ አድርቁ። ጠርዞቹንና በሮቹን በውኃ አርጥቡና ሻካራ የአፋር ጨው ነስንሱባቸው። ውኃው ደርቆ ጨው ሲጣበቅ ዋናውን ግራጫ ቀለም በላዩ ርጩ። ሲደርቅ ጨውን በጥርስ ብሩሽ አራግፉት፤ ከሥሩ ብሩ ብቅ ይላል፣ ጠርዙ እንደ ፈቀደ የተበላ፣ በብሩሽ ተሥሎ የማይገኝ። የቀረውን ጨው በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ።

በመጨረሻ ከቡና ምድጃ የቀረውን ከሰል አድቅቁና በለስላሳ ብሩሽ ከሞተሮቹ አፍ ዙሪያ አሻሹት። ፕላኔት ላይ የምታርፍ ናት ካላችሁ ከሆዷም ሥር ጨምሩ፤ ወደ ከባቢ አየር ስትገባ የሚቃጠለው እሱ ነው። ማት (የማያብረቀርቅ) ቫርኒሽ በስሱ ርጩበት። ቫርኒሹ የከሰሉን ጥቁረት ስለሚቀንሰው፣ ስታሻሹ ከምትፈልጉት ትንሽ አጥቁሩት።