ፍሉት ዩኒቨርሲቲ ለምትማሩ፦ ጣታችሁ ከትንፋሻችሁ አይቅደም

ፍሉትን ዋና መሣሪያው አድርጎ ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ የመጀመሪያው ዓመት ላይ ሲደናቀፍ፣ አብዛኛውን ጊዜ ችሎታ አንሶት አይደለም። ጣቱ ከትንፋሹ ስለሚቀድም ነው። እኔም በዚሁ ብዙ ጊዜ አባክኛለሁ። ከኋላ የምትመጡት እንዳትደግሙት ያየሁትን ልንገራችሁ።

ትልቁ ስህተት ድምፅን ሳይሠሩ ወደ ከባድ ኖታ መሮጥ ነው። ከጎን ክፍል የሞዛርት ጂ ሜጀር ኮንሰርቶ (ፍሉት ከኦርኬስትራ ጋር የሚጫወተው ሥራ) ይሰማል። አዲሱ ተማሪ ወዲያው ኖታውን ኮፒ ያደርጋል። ጥቂት ሳምንት ሳይሞላ ጣቱ ይበራል። ድምፁ ግን ያው ነው፤ የሳሳ፣ ነፋስ የበዛበት። ይህ ኮንሰርቶ በብዙ አገር ለፈተና የሚጠየቀው ለፍጥነቱ ብቻ አይደለም። ንጹህ ድምፅና የጠራ የምላስ አመታት (ኖታን በምላስ መጀመር) የሌለው ሰው መደበቂያ ስለማያገኝበት ጭምር ነው።

ስለዚህ በየቀኑ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ለረጅም ኖታ ስጡ። ከመካከለኛው ቢ ጀምሩ። በቀስታ ነፍታችሁ አሳድጉት፣ መልሳችሁ አሳንሱት። ከዚያ ወደ ቢ ፍላት ውረዱ። ሁለተኛው ኖታ የመጀመሪያውን ቀለም ካልያዘ ወደ ሦስተኛው አትለፉ። ሊያሰለች ይችላል። ግን ጆሮ የሚከፈተው እዚህ ነው። እኔን ከየትኛውም ኮንሰርቶ በላይ ያስተማረኝ ይሄ ልምምድ ነው።

ሁለተኛው ስህተት፣ ላይኛው ኦክታቭ (ከፍ ያሉት ኖታዎች) ላይ ሲደርሱ ከንፈር መጭመቅ ነው። ድምፁ ይወጣል፤ ግን ይጮኻል፣ ጆሮ ይወጋል። ከፍ ያለ ኖታ የሚፈልገው ፈጣን አየርና ጠበብ ያለ ቀዳዳ ነው፤ ጥርስ መንከስ አይደለም። ፍሉት ደግሞ አየር የሚበላ መሣሪያ ነው። ከምንነፋው ብዙው ወደ ውጭ ያመልጣል። የት እንደምትተነፍሱ ኖታው ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ትንፋሽ ሲያልቅ መወሰን ዘግይቷል።

ቃና ላይ የሚፈጸም ስህተትም አለ። የአዲስ አበባ ጠዋት ቀዝቃዛ ነው። ፍሉት ሲቀዘቅዝ ድምፁ ይወርዳል፣ ሲሞቅ ይወጣል። ከሳጥኑ አውጥቶ ወዲያው ቱነር (የቃና መለኪያ) ላይ መቃኘት ዋጋ የለውም። መጀመሪያ ትንፋሻችሁን አስገብታችሁ አሙቁት። ሲቃኝ የሚነቀነቀውም የራስጌው ክፍል ነው፤ ሳብ ወይም ገፋ ይደረጋል። ጫፉ ላይ ያለውን ክዳን ማዞር ግን ውስጥ ያለውን ቡሽ ከቦታው ያናጋዋል። ቡሹ ከመንፊያው ቀዳዳ መሃል 17 ሚሊ ሜትር ያህል ርቆ መቀመጥ አለበት። የማጽጃው ዘንግ ላይ ያለችው ጭረት ይህን መለኪያ ናት። ዘንጉን አስገብታችሁ ጭረቷ ቀዳዳው መሃል ላይ መታየቷን አረጋግጡ።

አሁን የሚያሳዝነኝን ስህተት ልናገር። ዋሽንት እየነፋ ያደገ ልጅ ዘመናዊ ትምህርት ልጀምር ነው ብሎ ዋሽንቱን ይጥላል። አንዳንዱም ያፍርበታል። ዋሽንት ከጫፉ ነው የሚነፋው፤ ብዙውን ጊዜ አራት ቀዳዳ ነው ያለው። ፍሉት በጎን ይነፋል፤ ዛሬ የምንይዘው የቁልፍ አሠራር ጀርመናዊው የፍሉት ሠሪ ቴዎባልድ ቦም በ1847 እ.ኤ.አ. ካወጣው የመጣ ነው። የከንፈር አያያዙ ይለያያል፤ እሱን እንደ አዲስ መማር ግድ ነው። ጆሮው ግን ያው የእናንተ ጆሮ ነው። ትዝታንና አምባሰልን በትንፋሹ የሚለይ ልጅ፣ ሌላው በዓመታት የሚፈልገውን የዜማ ሐረግ አወራረድ ይዞ ነው የሚመጣው። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ በእረኛ ዋሽንት መንፈስ ለፍሉት ሙዚቃ መጻፋቸውን አስታውሱ። ተቃራኒውም ስህተት ነው፤ የዋሽንቱን መንሸራተት ሞዛርት ውስጥ ማስገባት። ሁለቱን ለይቶ መያዝ ይቻላል።

አራት ሰዓት ሳያቋርጡ መለማመድ ትጋት አይደለም። ፍሉት አንገትና ትከሻን ወደ አንድ ጎን ያጣምማል። በየግማሽ ሰዓቱ አስቀምጣችሁ ተነሱ። ሕመም ከጀመራችሁ ለመምህራችሁ ንገሩ፣ አትሸሽጉ።

ፒያኖ አጃቢን በፈተናው ሳምንት ማግኘትም ብዙ ሰው ይጥላል። የራሱን መስመር ብቻ ያጠና ተማሪ፣ ፒያኖው ረጅሙን መግቢያ ሲጫወት የት እንደሚገባ ይጠፋዋል። የአጃቢውን ኖታ እናንተም አንብቡት። ቢያንስ ከወር በፊት አብራችሁ ጀምሩ።

አንድ ትንሽ የምትመስል ነገር ደግሞ ሻይ ናት። በእረፍት ስኳር የበዛበት ሻይ ጠጥቶ ወዲያው መንፋት የቁልፎቹን ፓድ (ከቁልፉ ሥር ሆኖ ቀዳዳውን የሚደፍነውን ለስላሳ ሽፋን) ያጣብቃል። ፓድ ስስ ነገር ነው፣ ሲጣበቅ ይቀደዳል፤ የሚቀይረው ባለሙያ ደግሞ እንደ ልብ አይገኝም። ከሻይ በኋላ አፋችሁን በውሃ ተጉመጥመጡ። ነፍታችሁ ስትጨርሱ ዘንጉ ላይ ስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ውስጡን በደንብ አድርቁ። ሳጥኑ የሚዘጋው ከዚያ በኋላ ነው።