አንድ ክፍል ውስጥ የሚያልቅ የወንጀል ተውኔት እንዴት ፊልም ይሆናል?

ተውኔት ወደ ፊልም ሲቀየር ብዙ ሰው ከሁሉ በፊት የሚሮጠው ታሪኩን ከቤት ለማውጣት ነው። መድረክ ላይ «አሁን ከጣቢያ መጣሁ» ብሎ የሚያልፈው ሰው፣ ፊልሙ ላይ ከባቡር ሲወርድ፣ ታክሲ ሲይዝ፣ ደረጃ ሲወጣ ይታያል፤ ከዚያ ያው ክፍል ገብቶ ያንኑ ንግግር ይናገራል። የፊልም ዳይሬክተሩ አልፍሬድ ሂችኮክ ይህን አሠራር አጥብቆ ይተች ነበር። ተውኔቱ ኃይል ያገኘው ከጥበቱ ስለሆነ ጥበቱን ማፍረስ ራሱን ተውኔቱን ማፍረስ ነው።

ለመማሪያ የሚሆነው የእሱ ፊልም «ዳያል ኤም ፎር መርደር» ነው። የፍሬደሪክ ኖት ተውኔት እ.ኤ.አ. በ1952 በቢቢሲ ቴሌቪዥን፣ ቀጥሎም በለንደንና በብሮድዌይ መድረኮች ታየ። ፊልሙ የወጣው በ1954 ሲሆን ስክሪፕቱን የጻፈውም ራሱ ኖት ነው። ፊልሙን ያላያችሁ አይታችሁ ተመለሱ፤ ከዚህ በታች መጨረሻው አለ።

ሥራው የሚጀምረው ከቁልፉ ነው። ቶኒ ሚስቱን ማርጎን እንዲገድልለት ስዋን የተባለን ሰው ያስገድደዋል። የማርጎን የቤት ቁልፍ ከቦርሳዋ ሰርቆ ከበሩ ውጭ ባለው ደረጃ ምንጣፍ ስር ይደብቃል። ስዋን ቁልፉን አንስቶ በሩን ከከፈተ በኋላ፣ ገና ወደ ውስጥ ሳይገባ እዚያው ይመልሰዋል። ማርጎ ግን ሲያንቃት በመቀስ ወግታ ትገድለዋለች። ቶኒ ከሬሳው ኪስ ያገኘውን ቁልፍ የሚስቱ መስሎት ቦርሳዋ ውስጥ ይከታል፤ ያ ደግሞ የስዋን የራሱ ቤት ቁልፍ ነበር። ታሪኩ በሙሉ የተሰቀለው በዚህች ስህተት ላይ ነው።

እናንተም ስክሪፕቱን ከመንካታችሁ በፊት ዋናውን ዕቃ ለይታችሁ ሠንጠረዥ ሥሩለት። በየትዕይንቱ ዕቃው የት ነው? ማን አስቀመጠው? እዚያ መሆኑን ማን ያውቃል? ተመልካቹስ የት ይመስለዋል? የመጨረሻው ዓምድ ከሌሎቹ ሦስት የሚለይበት ቦታ ምስጢሩ ያለበት ቦታ ነው። አንድም ቦታ ካልተለየ ምስጢር የላችሁም ማለት ነው፣ ወደ ጽሑፉ ተመለሱ። ለቀረጻ ቢያንስ ሦስት አንድ ዓይነት ቁልፍ አሠሩ። ተመልካቹ መለየት የለበትም፤ የዕቃ ኃላፊው ግን መለየት ስላለበት ካሜራ በማያየው ጎን በጥፍር ቀለም ነጥብ ያድርግበት። ይህ ካልተደረገ በሦስተኛው ቀን ላይ የትኛው ቁልፍ የማን እንደነበር የሚያስታውስ አይገኝም።

ቀጥሎ የክፍሉ ካርታ። በ1፡50 ልኬት፣ ማለትም አንዱን ሜትር በ2 ሴንቲሜትር ሣሉ፤ በር፣ መስኮት፣ መጋረጃ፣ ጠረጴዛ፣ ስልክ ሁሉ ይግባ። ወንበርና ሶፋ ከግድግዳ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይራቁ፣ አለዚያ ተዋናዩ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ይመስላል፣ ጥላውም ከኋላው ይወድቃል።

ካርታው ለእናንተ ብቻ አይደለም፤ ተመልካቹም ሊያውቀው ይገባል። ሂችኮክ ይህን ያደረገበት መንገድ የፊልሙ ትልቁ ትምህርት ነው። ቶኒ ለስዋን ዕቅዱን ሲያስረዳ ስልኩ የት እንዳለ፣ ከየትኛው መጋረጃ ኋላ እንደሚቆም፣ በየት እንደሚወጣ ያሳየዋል፤ ካሜራውም ጣሪያ ላይ ወጥቶ ክፍሉን ከላይ ያየዋል። መድረክ ላይ ረጅም ንግግር የነበረው እዚህ የቦታ ትምህርት ሆነ። ግድያው ሲመጣ ማንም ምንም ማስረዳት አያስፈልገውም፣ ዓይናችን መጋረጃው ላይ ነው። ስለዚህ ረጅም የማብራሪያ ንግግር ሲያጋጥማችሁ ከመቁረጣችሁ በፊት በእንቅስቃሴ ሊነገር ይችል እንደሆነ ሞክሩ። ከላይ የሚወሰደውን ሾት ግን አንዴ ብቻ ተጠቀሙበት፤ ከደጋገማችሁት ኃይሉን ያጣል።

ከክፍሉ መውጣት የሚፈቀደው ውጥረቱ ሲጠይቅ ነው። የቶኒ ሰዓት ቆሞ፣ ማርጎን ከመጋረጃው ፊት ወዳለው ስልክ ለመሳብ የሚደውልበት ጊዜ ሲያልፍ፣ እሱ ወዳለበት ግብዣ የምንሄደው ለዚህ ነው፤ እሱ የስልክ ቦታው ተይዞበት ሲጠብቅ፣ ስዋን ደግሞ ተስፋ ቆርጦ ሊወጣ ነው። ማርጎ ስዋንን በመግደል የምትከሰስበት ፍርድ ቤት ግን በፊልሙ ውስጥ የለም። የዳኛው ድምፅ፣ የማርጎ ፊት፣ ከኋላዋ የሚለዋወጥ ባለቀለም ብርሃን፤ በቃ። ዳኛ፣ ጠበቃና ታዳሚ ተደርድሮ ቢሆን ኖሮ ሌላ ፊልም የተጀመረ ይመስል ነበር። ወጪውንም አስቡት።

ቀረጻ ላይ ካሜራውን ሁልጊዜ በቆመ ሰው ዓይን ከፍታ አታቁሙት፣ የቲያትር ወንበር ላይ የተቀመጥን ያስመስላል። ፊልሙ በሦስት አቅጣጫ ምስል (3D) ስለተቀረጸ ካሜራው ግዙፍ ነበር፤ ዝቅ ብሎ እንዲያይ ወለሉ ተቆፈረለት። የእናንተ ካሜራ ትንሽ ስለሆነ ከወለሉ 40 ሴንቲሜትር ላይ ማስቀመጥ ይበቃል። ከፊቱ መብራት ወይም ጠርሙስ ሲገባ ክፍሉ ጥልቀት ያገኛል።

ኢትዮጵያ ውስጥ የመብራት ኃይሉ 50 ኸርዝ ስለሆነ በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ሻተሩን (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚያገኝበትን ጊዜ) 1/50 ሰከንድ አድርጉ፤ አሜሪካ ውስጥ 60 ኸርዝ ነውና 1/60 ይሻላል። ይህ ከተዛባ ርካሽ ኤልኢዲ መብራቶች ምስሉ ላይ ይርገበገባሉ፣ ኤዲቲንግ ላይ ለማስተካከልም በጣም ያስቸግራል።

ድምፅ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ነው። የመድረክ ተዋናይ ኋላ ወንበር ለተቀመጠው መናገር ለምዷል፤ ማይክ ግማሽ ሜትር ላይ ሲሆን ያው ድምፅ ጩኸት ይሆናል። ጆን ዊልያምስና አንቶኒ ዶውሰን መርማሪውንና ስዋንን ብሮድዌይ ላይም ተጫውተዋቸው ነበር፤ ፊልሙ ላይ ግን መርማሪው ወሳኙን ጥያቄ ሁሉ ሻይ እንዲቀዱለት የሚጠይቅ ያህል ዝግ ብሎ ይወረውረዋል። በልምምድ ጊዜ ተዋናዮቹን ፊት ለፊት አስቀምጣችሁ በሹክሹክታ አስነብቡ፣ ከዚያ ትንሽ ከፍ አድርጉ። ሂችኮክ ወለሉን በእውነተኛ ንጣፍ ያስነጠፈው የእርምጃ ድምፅ እንዲሰማ ነው፤ በር ውጭ የሚመጣና የሚመለስ እርምጃ ለዚህ ታሪክ እንደ ንግግር ይቆጠራል። እርምጃውን ለብቻው ቅረጹት። ሁሉም ዝም ብሎ የክፍሉን ባዶ ድምፅ አንድ ደቂቃ መቅረጽም አይረሳ፣ ቁርጦቹን የሚሸፍንላችሁ እሱ ነው።

ልብስ ጊዜን ይነግራል። ማርጎን የምትጫወተው ግሬስ ኬሊ ከደማቅ ቀይ ተነስታ ወደ ጡብ ቀለም፣ ወደ ግራጫ፣ በመጨረሻም ወደ ጥቁር ትወርዳለች። ክፍሉ ስለማይለወጥ እሷ ትለወጣለች።

ኤዲቲንግ ሲያልቅ ታሪኩን ለማያውቅ ሰው አሳዩትና ወንጀለኛው ከመጋለጡ በፊት አቁሙት። «ቁልፉ አሁን የት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። «ቦርሳዋ ውስጥ» ካለ ጥሩ ነው፣ ተታሏል። «የቱ ቁልፍ?» ካለ ግን ክሎዝ-አፕ (ዕቃውን ከቅርብ የሚያሳይ ሾት) ጎድሏል። ቁልፉ ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፍበትን ቦታ ሁሉ እንደገና ቅረጹ፣ እያንዳንዱ ስክሪን ላይ ቢያንስ ሁለት ሰከንድ ይቆይ።